አቦል፣ ቶና፣ ፊልም

እናንተዬ፣ ዘመን እንዴት ይገለበጣል! ዛሬ መቫሰረት ጽዮን ውስጥ ወንድ ወንድን፣ ሴት ሴትን የሚወድበት ፊልም የሚታየው በእናቶች ፈቃድና በእናቶች ቡና ሆኗል። አትመኑኝ፤ እኔም አንዳንዴ አላምንም። አንሶላ ግድግዳው ላይ ይወጠራል፣ እጣኑ ይጨሳል፣ ፕሮጀክተሯ ትበራለች። አክስቴ ረከቦቱ ፊት በርጩማዋ ላይ ተደላድላ «ዛሬ ደግሞ የየት አገር ሰዎች ናቸው?» ብላ ትጠይቃለች። የኬንያ ናቸው ስንላት «ጎረቤቶቻችን!» ትልና ፊቷ ይበራል። የቺሊ ናቸው ስንላት «እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?» ትላለች፤ ግን ታያለች። የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት ይህን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ «ምን ጠጥተህ ነው?» ነበር የምለው።

ያኔማ ሌላ ነበር! ከጎንደር ወደ እስራኤል የገባነው እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ ማብቂያ ነው። የፊልም ፍቅር ግን አገር ቤት ነው የለከፈኝ። የቪዲዮ ቤት ልጅ ነበርኩ። ጣውላ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን፣ በጨርቅ በተጋረደ ክፍል ውስጥ፣ ሦስት ሰዓት የሚፈጅ የህንድ ፊልም ያለ አንዲት ቃል ትርጉም እናይ ነበር። ከኋላ ሁልጊዜ አንድ አዋቂ አይጠፋም። «አሁን ወንድሙ መሆኑን ሊያውቅ ነው! አሁን እናቱ ልታለቅስ ነው!» እያለ ይተነትንልናል። ሂንዲ አይችልም፤ ግን ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። ጓደኞቼ በተዋናይቷ ሲያብዱ የእኔ ዓይን ከተዋናዩ ላይ አይነቀልም ነበር። ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅሁም፤ ሰው ሁሉ እንደ እኔ የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ መቫሰረት ያለው መርከዝ ቅሊታ፣ የአዲስ መጪዎች መቀበያው፣ ገባን። ከካስቴል ኮረብታ አጠገብ፣ ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ፣ ንፋሱ የማያርፍበት ቦታ። መርከዝ ውስጥ ያደገ ያውቀዋል፦ ምስጢር የሚባል ነገር የለም። ማን ምን ወጥ እንደሠራ በሽታው ይታወቃል፤ የማን ልጅ ከኡልፓን፣ ከዕብራይስጥ ትምህርቱ፣ እንደቀረ መምህሩ ሳይሰማ ሠፈሩ ይሰማል። ከየበሩ የሬዲዮ ሬካ የአማርኛ ዜና ይንቆረቆራል፤ እናቶች ልብስ እያሰጡ መንገዱን ይቃኛሉ። አንድ ጎረምሳ ፀጉሩን አበጥሮ ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ከወረደ፣ አውቶቡሱ ሳይመጣ ወሬው እናቱ ዘንድ ይደርሳል።

የኡልፓን መምህራችን «ጋዜጣ አንብቡ፣ ዕብራይስጡ እንዲገባችሁ» ትለን ነበር። እኔም አነበብኩ! ፖለቲካውን አይደለም፤ የሲኒማውን ገጽ ነው። ነጥብ የሌለውን ፊደል እየጎረጎርኩ፣ አንዷን መስመር በሩብ ሰዓት እየፈታሁ፣ «ሁለት ወታደሮች» የሚለው ላይ ደረስኩ። ቀጥሎ «ፍቅር» የሚል ነበር። ጋዜጣውን አጠፍኩት። ዘረጋሁት። ደግሜ አጠፍኩት። ፊልሙ «ዮሲ እና ጃገር» ነበር፤ ኤታን ፎክስ በ2002 የሠራው፣ ሊባኖስ ድንበር ላይ በበረዶ ውስጥ ስላሉ ሁለት መኮንኖች የሚተርክ። እኔ ደግሞ ወደ ጦር ሠራዊቱ ልገባ እየተዘጋጀሁ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ይፈለጋል?

በኢየሩሳሌም ጀርመን ሠፈር፣ ከ1928 ጀምሮ ፊልም በሚያሳየው በስማዳር ሲኒማ ቤት ትኬት ቆረጥኩ። ትኬቷን ስቀበል እጄ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ! ሻጯ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም፤ እኔ ግን ኢየሩሳሌም በሙሉ የምታየኝ ነው የመሰለኝ። መጨረሻው ረድፍ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ፤ ኮፍያዬን አላወለቅሁም። ፊልሙ ስድሳ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሲያልቅ ሰዉ ወጥቶ እኔ ቀረሁ፤ ጠራጊው መጥቶ «አለቀ እኮ» እስኪለኝ ድረስ።

ከዚያ ወዲያማ ማን ያቁመኝ! የከተማው ሲኒማቴክ ሁለተኛ ቤቴ ሆነ። ቦታውን ለማታውቁት፦ በኬብሮን መንገድ ዳር፣ የአሮጌውን ከተማ ግንብና የጽዮንን ተራራ ፊት ለፊት እያየ፣ የሄኖም ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። መጽሐፉ ገሃነም የሚለው ያው ሸለቆ መሆኑን ያወቅሁት ኋላ ነው። ኃጢአት ሠራሁ እያልኩ ስንቀጠቀጥ፣ ለካ የምቀመጠው ከገሃነም በላይ በምቹ ወንበር ነበር! ቤቱን ያቆመችው ሊያ ቫን ሊር ናት። ከቤሳራቢያ የመጣች ሴት ስትሆን፣ በሃምሳዎቹ ከባሏ ጋር ሃይፋ ላይ የፊልም ክበብ ከፍታ ነበር፤ የአሁኑን ሕንፃ በ1981፣ የኢየሩሳሌምን የፊልም ፌስቲቫል ደግሞ በ1984 ጀመረች። በሰማንያዎቹ ዓርብ ማታ ፊልም ይታይ አይታይ በሚል ከተማዋ ስትታመስ፣ የተቃውሞው ጩኸት ከደረሰባቸው ቤቶች አንዱ ይኸው ነበር። እኔ ዓርብ ማታ ሄጄ አላውቅም። ሰንበት ገብቶ ከቤት የሚወጣ ልጅ ከእናቴ ጋር መኖር አይችልም ነበርና የእኔ ቀን ማክሰኞ ነበረች።

እዚያ ነው አሞስ ጉትማን የሚባል ሰው እንደነበረ ያወቅሁት። በ1983 «ናጉዓ» የሚል ፊልም ሠርቷል፤ በቴል አቪቭ የሚኖር፣ ፊልም መሥራት የሚመኝ፣ ወንድ የሚወድ ወጣት ታሪክ ነው። ልብ በሉ! የአገሪቱ ፓርላማ ይህን ፍቅር ወንጀል የሚያደርገውን ሕግ የሻረው በ1988 ነው። ሰውየው ሕጉን አልጠበቀም፤ ካሜራውን አንስቶ ሄደ። በ1993 አረፈ። እኔ ፊልሙን ሳየው እሱ ከሞተ ዓመታት አልፈው ነበር፤ ቢሆንም «አመሰግናለሁ» ብዬ ስክሪኑን አናግሬያለሁ። ሰው አጠገቤ ስላልነበረ ነው።

የዚያን ዘመን ትልቁን ሳቅ ልንገራችሁ። ከሲኒማቴክ የወሰድኩት የፕሮግራም መጽሔት ሽፋን ላይ ሁለት ወጣት ወንዶች ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። ፍራሼ ሥር ደበቅሁት። ለፋሲካ የቤት ጽዳት እናቴ ፍራሹን አንስታ አገኘችው። ተመልሼ ስገባ ሽፋኑ ተቀድዶ የኩሽናውን መደርደሪያ አልብሷል፤ በላዩ የበርበሬ ቆርቆሮ ተቀምጧል! እግሬ ከዳኝ። እናቴ ግን ቅመሟን እየደረደረች «እንዴት ያሉ መልከ መልካም ወንድማማቾች ናቸው! እንዲህ ሲዋደዱ ደስ ይላል» አለችኝ። እነዚያ ሁለት ልጆች ለወራት ከበርበሬው በታች ኖሩ። ጎረቤት ሁሉ ቡና ሊጠጣ ሲመጣ አይቶ መረቃቸው።

ቀጥሎ የሐበሻ መንገድ ዘመን መጣ። በሠራዊቱ ያገኘሁት ጓደኛዬ ሙስራራ ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብቶ የሐበሻ መንገድ በምንለው በኢትዮጵያ መንገድ አንዲት ክፍል ተከራየ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ጠባብ፣ ከፍ ባለ የድንጋይ አጥር የታጠረ፣ መሃል ከተማ ሆኖ ገጠር የሚመስል። በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምራ በአፄ ምኒልክ ዘመን ያለቀችው ክቧ የደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት እዚያ ናት። ዕብራይስጥን ዳግመኛ የመነጋገሪያ ቋንቋ ያደረገው ኤሊዔዘር ቤን ዬሁዳም በዚሁ መንገድ ኖሯል። ከእነርሱ ቀጥሎ እኛ ገባን፤ አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ፣ ከውጭ የመጡ ዲስኮችና አንድ ድስት ፈንዲሻ ይዘን።

እንዴት ያለ ጉባኤ ነበር! አንድ የመናዊ፣ ሁለት ከሩሲያ የመጡ እህትማማቾች፣ ከምሥራቁ ከተማ አጥሩን ዞሮ የሚመጣ ፍልስጤማዊ፣ አንዲት የሃይማኖት ትምህርት ቤት ተማሪ ረጅም ቀሚሷን ለብሳ፣ እና እኔ፣ የመርከዙ ልጅ። ከፊልሙ በኋላ ገንዘብ ያለን ቀን ወደ ሹሻን እንወርዳለን። ሹሻን አይሁዱም ዐረቡም አብሮ የሚጨፍርበት የከተማዋ መጠጥ ቤት ነበር፤ በ2007 ተዘጋ፤ ዩን ሱ የተባለች ፊልም ሠሪ በ2009 «የድንበሮች ከተማ» በሚለው ዘጋቢ ፊልሟ አስቀርታዋለች።

ምን ምን አየን! የዎንግ ካር ዋይን «ሃፒ ቱጌዘር»፣ የ1997 ነው፤ ሁለት የሆንግ ኮንግ ፍቅረኞች አርጀንቲና ላይ ገንዘብ አልቆባቸው፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል እየተጣሉ እየታረቁ። ሌሎቹ ስለ ካሜራው አቀማመጥ ሲከራከሩ እኔ የማስበው ሌላ ነበር፦ ቋንቋው በማይገባ አገር በጠባብ ክፍል መጣላት ምን እንደሆነ መርከዝ የኖረ ያውቀዋል! የአልሞዶቫርን «የምኞት ሕግ»ም አየን፤ በ1987 በርሊን ላይ የቴዲ ሽልማት ሲጀመር ከፊቸር ፊልሞች የመጀመሪያው አሸናፊ ነው። አንድ ማታ ደግሞ ጓደኛዬ «ዛሬ የህንድ ነው» ሲል ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ህንድ! የልጅነቴ ህንድ! የዲፓ ሜህታ «ፋየር» ነበር፣ የ1996። ዴልሂ ውስጥ በአንድ ቤት የተዳሩ ሁለት ሴቶች፣ ሻባና አዝሚና ናንዲታ ዳስ፣ ባሎቻቸው ችላ ሲሏቸው እርስ በርስ ይዋደዳሉ። በ1998 መጨረሻ ሙምባይና ዴልሂ ላይ ፊልሙን የሚያሳዩ ሲኒማ ቤቶች በጽንፈኞች ጥቃት ደርሶባቸዋል። ያቺ የጎንደር ጣውላ አግዳሚ ትዝ አለችኝ። ያኔ የሚጎድለኝን ያላወቅሁት ፊልም ይኸው መጣ፤ ዘግይቶ፣ ግን መጣ።

ፊልሙ በጣመ ሰዓት የደብረ ገነት ደወል ይደወላል። ሁላችንም ዝም። ለመሳም ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት ልጆች ላይ አቁመነው ደወሉ አላልቅ ብሎ፣ እነዚያ ልጆች ከንፈር ለከንፈር ሳይገናኙ የቀሩበት ጊዜ ብዛት! የመናዊው «መነኮሳቱ ሳንሱር እያደረጉ ነው» እያለ ይስቅ ነበር።

መርከዝስ? መርከዝማ ደርሶበታል! «የእነ እገሌ ልጅ የሐበሻ መንገድ ላይ ታየ» ተባለ። እኛ ደግሞ ወደ አይሁድ ሃይማኖት የመመለሱን ሂደት የጨረስን ቤተሰብ ነን፤ ስለዚህ ሠፈሩ የጠረጠረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጁ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ጀምሯል! እናቴ እንቅልፍ አጣች። አንድ ማታ አስቀመጠችኝና «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ኪዳነ ምሕረት ትሄዳለህ?» አለችኝ። «በኦሪት እምላለሁ፣ ደጇን አልረገጥኩም!» አልኳት። እንደዚያ ከልቤ፣ እንደዚያ በደስታ ምዬ አላውቅም። እናቴ ተነፈሰች፣ «ተመስገን» አለች፣ ሽሮ አቀረበችልኝ። የተጠረጠርኩበት ኃጢአት ከሠራሁት ርቆ ሳለ በጥጋብ አደርኩ!

ከዚያ መንገድ ትንሽ ራቅ ብሎ በኢሳይያስ መንገድ የኤዲሰን ሲኒማ ሕንፃ ባዶውን ቆሞ ነበር። በ1932 ተከፍቶ በ1995 የተዘጋ፣ በዘመኑ የከተማዋ ትልቅ ሲኒማ የነበረ ነው። በ2006 ሲያፈርሱት አየሁ፤ ቦታው ላይ ለሃይማኖተኞች መኖሪያ ተሠራ። ኤዲሰን በተከፈተበት በዚያው በ1932 አንድ ጀርመናዊ ሐኪም ዓለምን ሲዞር በዚህ አገር አልፎ ትምህርት ሰጥቷል፤ ማግኑስ ሂርሽፌልድ ይባላል። ሪቻርድ ኦስዋልድ በ1919 ወንዶች ስለሚዋደዱበት ፍቅር በሠራው «ከሌሎች የተለየ» በተባለው ፊልም ላይ ሐኪም ሆኖ የታየው እሱ ነው። ፊልሙ በዓመቱ በሳንሱር ታግዶ ቅጂዎቹ ጠፍተው ዛሬ የቀረው ቁርጥራጩ ነው። እኛ ዘመናዮች ነን ብለን ስንኩራራ ጉዳዩ የአያቶቻችን እኩያ ሆኖ ተገኘ!

ያ ዘመን ሳቅ ብቻ አልነበረም። የኢየሩሳሌም ክፍት ቤት የሚባለው ማኅበር በ1997 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን የኩራት ሰልፍ በ2002 አካሄደ። በ2005 አንድ ሰው ስለት ይዞ ሰልፈኞች መካከል ገብቶ ሦስት ሰዎች አቆሰለ። በ2006 ሰልፉ ቀርቶ ኅዳር ላይ ጊቭዓት ራም ስታዲየም ውስጥ በፖሊስ ታጥረን ተሰበሰብን፤ በአጥር ውስጥም ቢሆን ጨፈርን። ከዚያ 2015 መጣ። በሚያዝያ አንድ የእኛ ልጅ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ ወታደር፣ በፖሊስ ሲደበደብ በቪዲዮ ታየና ሐበሻው ሁሉ ጎዳና ወጣ፤ እኔም ወጣሁ። በጁላይ 30 ደግሞ ለኩራት ሰልፉ ወጣሁ። ያ የ2005ቱ ሰው እስሩን ጨርሶ በወጣ በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ መጥቶ ስድስት ሰዎች ወጋ። ከእነርሱ አንዷ ሺራ ባንኪ፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተች።

ያን ዕለት ማታ ስልኬ ጮኸ። እናቴ ናት። ሬዲዮ ሬካ ነግሯታል። «የት ነህ?» አለች። «ደህና ነኝ» አልኳት። «ደህና መሆንህን አይደለም የጠየቅሁህ፤ የት ነህ?» አለች። ነገርኳት። ዝም አለች። «ወደ ቤት ና፣ ራት አለ» ብላ ዘጋች። ስንበላ ስለ ሰልፉ አልተነሳም። ሳህኑ ሲነሳ ግን «እዚያ ፊልም የምታዩበት ቤት፣ ቡና ያፈላሉ?» አለችኝ። ለካ ስለ ፊልሙ ታውቃለች! ከመቼ ጀምሮ? ዛሬም አልነገረችኝም። «አያፈሉም» አልኳት። ደነገጠች። ሰው ተሰብስቦ፣ ፊልም አይቶ፣ ቡና ሳይጠጣ መበተኑ ከሌላው ሁሉ ይልቅ አሳዘናት። «እንግዲያ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው! እዚህ አምጣቸው» አለች።

አመጣኋቸው! የመናዊው፣ እህትማማቾቹ፣ ረጅም ቀሚሷ፣ ሁሉም። ፍልስጤማዊው ጓደኛችን ብቻ በርሊን ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ሆኖ የፊልም ዝርዝር ይልክልናል። አክስቴም «እኔስ?» ብላ መጣች። ዘመኑም ረድቶን ነበር። በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ጀምሮ እናቶቻችን በአማርኛ የሚናገሩ ቱርኮችን ማየት ለምደው ነበር። ኢስታንቡል ውስጥ ማን ማንን እንደከዳ ከራሳቸው ዘመድ በላይ ያውቃሉ። ቱርኩን የለመደ ኬንያዊው አይከብደውም።

ከጊዜ በኋላ ፊልሙን በስኒ መለካት ጀመርን። በአቦል ይተዋወቃሉ፤ በቶና ይፋቀራሉ ወይ ይጣላሉ፤ በበረካ ወይ ይታረቃሉ ወይ አንዱ ይሞታል። የእኔን «ዮሲ እና ጃገር» ያሳየኋቸው ማታ አክስቴ ተቆጣች። ፊልሙ አጭር ነው ብያችሁ የለ? «ልጁን በቶና ገደሉት! በረካ ሳይቀምስ!» ብላ ስኒዋን አስቀመጠች። የፊልም ሐያሲ የጻፈው ሁሉ ከዚያ አይበልጥም።

«ራፊኪ»ን ሦስት ጊዜ አሳዩን ተብለናል። ዋኑሪ ካሂዩ በ2018 የሠራችው፣ ካን ላይ የታየ የመጀመሪያው የኬንያ ፊልም ነው። ሁለት የናይሮቢ ልጃገረዶች፣ አባቶቻቸው በምርጫ የሚፎካከሩ፣ ይዋደዳሉ። የአገሩ የፊልም ቦርድ ከለከለው፤ ፍጻሜው ተስፋ ስላለው ይቀየር ቢሏት ሴትየዋ እምቢ አለች። ፍርድ ቤት ሄዳ እግዱን ለሰባት ቀን አስነሳች። በእነዚያ ሰባት ቀናት የናይሮቢ ሲኒማ ቤት ጢም ብሎ ሞላ! ይህን ስተርክላት እናቴ «ለሰባት ቀን? ሠርግ ነው በለኛ!» አለች።

«ሙንላይት» በ2017 የኦስካርን ምርጥ ፊልም ሽልማት የወሰደው፣ ያ ፖስታው ተሳስቶ ሌላ ፊልም የተጠራበት ማታ ነው። ሁለቱ የሚያሚ ልጆች ከብዙ ዓመት በኋላ ሲገናኙ፣ አንዱ ምግብ ቤት ውስጥ ለሌላው በእጁ አብስሎ ያቀርብለታል። እኛ ወጣቶቹ መቼ ይሳሳሙ ይሆን ብለን እንጠብቃለን፤ አክስቴ ሳህኑን ስታይ «በቃ! አበላው እኮ! ከዚህ ወዲያ ምን ትፈልጋላችሁ?» አለች። ትክክል ነበረች፤ ፊልሙም ከዚያ አልራቀም። የሐይም ታባክማንን «ዐይኖች ተከፍተው»፣ የ2009ን፣ ስናይ ደግሞ ሌላ ተሟገቱ። የኢየሩሳሌም ሃይማኖተኛ ሥጋ ሻጭ ሠራተኛውን ይወዳል። እናቴ የሰውየው ሚስት አሳዘነቻት፤ አክስቴ ሥጋው ንጹሕ መሆኑን መሰከረች።

ከሁሉ የበለጠው ግን የቺሊው «ድንቅ ሴት» ነው፤ የሴባስቲያን ሌሊዮ፣ በ2018 የውጭ ቋንቋ ኦስካር የወሰደው። ማሪና፣ ወንድ ተብላ ተወልዳ ሴት ሆና የምትኖር ዘፋኝ፣ አብራው የምትኖረው ሰው በድንገት ይሞትባታል። ቤተሰቡ ከቤት ያስወጣታል፣ ቀብር እንዳትመጣ ይከለክላታል። የመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ላይ እናቶቹ እየተንሾካሾኩ፣ እየተጠቋቆሙ ነበር። ማሪና ከለቅሶው ስትባረር ግን ቤቱ ተናወጠ። «ለቅሶ ይከለከላል?» አለች እናቴ፤ ተነሥታ ቆመች። «ጠላት እንኳ ለቅሶ አይከለከልም! የትኛው አገር ነው ሐዘንተኛ የሚባረረው?» ከጎን ያለችው ጎረቤታችን፣ ለመውጣት ጫማዋን ያደረገችው፣ ጫማዋን አውልቃ ተመለሰች። ምንም ዓይነት ንግግር፣ ምንም ዓይነት ሰልፍ፣ ምንም ዓይነት መጽሔት ለዓመታት ያልሠራውን አንድ የለቅሶ ክልከላ በአንድ ማታ ሠራው። ማሪና ያን ማታ ከቤተሰባችን ልጆች አንዷ ሆነች፤ ዛሬም «ያቺ ልጅ እንዴት ሆነች?» ብለው ይጠይቁኛል።

ሁሉም ተለወጠ ብዬ አልዋሻችሁም። አጎቴ ሳሎኑን ረግጦት አያውቅም። አንዳንዱ ጎረቤት ሰላምታውን ቀንሷል። ስልክ ደውሎ ስንት ሰው እንዳለ ጠይቆ፣ ብዙ ሰው ነው ሲባል የሚቀር የእኛው ወጣት አለ። አገር ቤት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ስላለ፣ እዚህ በፈንዲሻ የምናየውን እዚያ ያሉ እንደኛ ያሉ ልጆች በጆሮ ማዳመጫ፣ በስልክ፣ ብቻቸውን ነው የሚያዩት። እኔም ስማዳር ጥግ ላይ ብቻዬን ስለነበርኩ አውቀዋለሁ። ብቻ ማየት ድፍረት ይሰጣል፤ አልክደውም። ሰው ተሰብስቦ፣ እየተሟገተ፣ እየተቆጣ፣ ስኒ እያስቀመጠ ሲያይ ግን ፊልሙ የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል። የእኔ ፍርድ ይኸው ነው።

ደግሞም እኛ የፈጠርነው ነገር አይደለም። የዓለም አንጋፋው የእንዲህ ያለ ፍቅር ፊልሞች ፌስቲቫል በ1977 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲጀመር፣ ጥቂት ሰዎች በሱፐር ኤይት ካሜራ የቀረጹትን ግድግዳ ላይ በተሰቀለ አንሶላ አሳይተው ነው። ደቡብ አፍሪቃውያን በ1994 የራሳቸውን ጀመሩ፤ ቴል አቪቭ በ2006፤ ናይሮቢ በ2011። የመቫሰረቱ አንሶላ ስም የለውም፣ ሽልማትም አይሰጥም፤ ቡናው ግን ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ።

አሁን ወደሚያስፈልገን ነገር ልምጣ። ቃና ቱርኩን በአማርኛ ያናገረልንን ያህል እነዚህን ፊልሞች የሚያናግርልን አላገኘንም። ስለዚህ የማንሾካሽከው እኔ ነኝ። «አሁን አባትየው ሊገባ ነው! አሁን ልታለቅስ ነው!» እያልኩ እንደ ጎንደሩ አዋቂ ከኋላ እተነትናለሁ፤ እሱ አይሳሳትም ነበር፣ እኔን ግን አክስቴ ታርመኛለች። የእኛ ልጆች ፊልም መሥራት እንደሚችሉ አይተናል። ሽሙኤል በሩ በ2008 «ዘሩባቬል»ን ሠራ። ባዚ ገቴ በ2014 «ቀይ ቅጠሎች» ላይ ደበበ እሸቱን አምጥቶ የአባቶቻችንን ግትርነት አሳየን። አለምወርቅ ዴቪድያን በ2018 «የበለስ ዛፍ»ን ከአዲስ አበባ የጦርነት ዘመን አውጥታ ሰጠችን። እናቶቻችን በእነዚህ ፊልሞች ራሳቸውን አይተው አልቅሰዋል።

እንግዲህ እናንተ ዕብራይስጡም እንግሊዝኛውም አማርኛውም የሞላላችሁ ልጆች፣ አንድ ፊልም ምረጡና የአማርኛ ሰብታይትል ሥሩለት፤ ነፃ ሶፍትዌር ሞልቷል፣ የሚፈጀው ትዕግሥት ብቻ ነው። ካሜራ የሚያምራችሁ ደግሞ ገንዘብ የለንም አትበሉ፤ «ታንጀሪን» በ2015 በአይፎን 5ኤስ ተቀርጾ ዓለምን ዞሯል። በአማርኛ የሚዋደዱ ሁለት ልጆችን ቀርጻችሁ ስታበቁ መጀመሪያ እኛ ዘንድ አምጡት። አንሶላው ታጥቧል፤ ግን ቶና ላይ እንዳትገድሏቸው፣ አክስቴ አታስገባችሁም።